«ታይቻለሁ» አልኳቸው

ሥራዬ የሰው ደጅ ማንኳኳት ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የአንድ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ቦርሳዬን አንግቤ ከቤት ቤት እዞራለሁ፤ ሕፃናት መከተባቸውን እጠይቃለሁ፣ ነፍሰ ጡሮችን እመዘግባለሁ፣ የትልልቆቹን የደም ግፊት እለካለሁ። የሰፈሩ ሰው «ሲስተር» ይለኛል። ቀኑን ሙሉ በእግሬ ስለምዞር ሰው ቀጭን እንድሆን የሚጠብቅ ይመስለኛል። እኔ ግን ወፍራም ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ጨመርኩ፤ ጾሙም እርምጃውም አልቀነሰኝም። ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። የደንብ ልብስ ሲታደል በልኬ የተሰፋ ስለማይገኝ ጨርቁን ብቻ ወስጄ ለብቻዬ አሰፋለሁ።

እኛ ዘንድ ውፍረት ሁለት ስም አለው። የተወለድኩት አምበር አጠገብ ባለ ገጠር ነው። ለበዓል ወደዚያ ስሄድ አክስቶቼ «ተመችቶሻል፣ አምሮብሻል» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋሉ። ከልባቸው ነው፤ የከሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከፍቶታል ብለው ነው የሚያምኑት። ማርቆስ ስመለስ ያው ሰውነቴ ቀልድ ይሆናል። አንድ ስብሰባ ላይ ስለ አመጋገብ ያስተማርኩትን ሪፖርት ሳቀርብ «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?» ያለኝ ባልደረባ አለ። ሰው ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። አብሮ መሳቅ በጊዜ የለመድኩት ነገር ነው።

ክረምቱ በወጣ ሰሞን ጤና ጣቢያው አንድ ሥራ ሰጠን። ከሠላሳ እስከ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸውን ሴቶች ቤት ለቤት እያነጋገርን ለማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እንድንልክ ነበር። ምርመራው ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት የሚደረግ ነው። ባለሙያዋ የማህፀኑን በር እንደ ኮምጣጤ ባለ ፈሳሽ ትቀባዋለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ትንሽ ከሆነ እዚያው ይታከማል። ይህን እንደ ዳዊት ደገምኩት። በእያንዳንዱ ግቢ፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ።

ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ አንዲት ቅቤ ነጋዴ አሉ። ባላቸው ቄስ ናቸው። በገበያ ቀን አማኑኤል ከተማ ሄደው ከገበሬው ቅቤ ይገዙና ማርቆስ አምጥተው ይሸጣሉ። ከእኔ በሰባት ዓመት ይበልጣሉ፤ በውፍረትም ይበልጡኛል። ሲናገሩ ረጋ ብለው ነው። ግን ከቄሱ ጋር ብዙ ዘመን ስለኖሩ ነው መሰለኝ፣ ንግግራቸው ሰምና ወርቅ ይገባበታል፤ ሰሙን ሰምተሽ ትሄጂና ወርቁ ቤትሽ ከደረስሽ በኋላ ነው የሚገባሽ።

ግቢያቸው ስገባ ገበቴ ላይ ቅቤ በውኃ እያጠቡ ነበር። በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና እጃቸው ሳያቆም አዳመጡኝ። የተለመደውን ተናግሬ ስጨርስ፣

«ምንም ሳያመኝ ሄጄ ልገለጥ ነው የምትይኝ?» አሉ።

«ሳያምዎት ሲሆን ነው ጥቅሙ፣ እትዬ። ካመመ በኋላማ ይረፍዳል።»

«የታመመ ሰውኮ ሐፍረቱን ሕመሙ ይሸፍንለታል። ላልታመመው ምን ይሸፍንለታል?»

ቅቤውን አገላብጠው ውኃውን አጠለሉና ቀና ብለው አዩኝ። ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አዩኝ፤ የንቀት አልነበረም። ራሳቸውን የሚያዩ ነው የሚመስሉት።

«አንቺስ ታይተሻል?» አሉኝ።

የጠየቁኝ የሥራ ጥያቄ እንዳልነበረ ወዲያው ገብቶኛል። እንደ እኛ ያለ ሰውነት ያላት ሴት እዚያ አልጋ ላይ ወጥታ በደህና ትወርድ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር ጊዜው ያ ነበር።

«ታይቻለሁ» አልኳቸው። «ቀላል ነው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አሉና ወደ ቅቤያቸው ተመለሱ። ስማቸውን መዝግቤ ወጣሁ።

ታይቼ አላውቅም ነበር። ከዓመታት በፊት ለሥልጠና በሄድኩበት ሌላ ከተማ አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ሠልጣኞቹ ሴቶች በነፃ እንመርመራችሁ ተባልንና ከመጋረጃ ውጭ ተሰለፍን። ተራዬ ደርሶ አልጋው ላይ ስወጣ ብረቱ ጮኸ። መርማሪዋ አንድ ጊዜ ሞከረች፣ ሁለተኛ ሞከረች፤ ሁለቱም አመመኝ። ከዚያ መሣሪያውን ሳሕኑ ላይ ወርወር አድርጋ «ይሄ ሁሉ ሥጋ ምኑን ያሳየኛል? ቀንሰሽ ተመለሺ» አለች። ከመጋረጃው በስተጀርባ የሳቀ ሰው ነበር። ወረፋ የያዙት ጓደኞቼ ስለነበሩ ማን እንደሆነ ለማወቅ አልፈለግኩም። ለብሼ ወጣሁ። ማታ እራት ላይ እንዴት ነበር ሲባል «ደህና ነኝ ተባልኩ» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ «ስቀንስ እታያለሁ» እያልኩ ዓመታት አለፉ። አንድ ወር ትንሽ እቀንስና በሚቀጥለው እመልሰዋለሁ። ደም ግፊቴንም ተለክቼ አላውቅም። መለኪያው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በየቀኑ የሰው ክንድ እለካበታለሁ። አንድ ቀን በራሴ ክንድ ላይ ብጠቀልለው አየር ሲሞላ ማያያዣው ጠረር ብሎ ተከፈተ። ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ቢሆንም ሰው ያየኝ ይመስል ዞር ብዬ ተመለከትኩ።

ቅቤ ነጋዴዋ ዘንድ በሄድኩ በአሥረኛው ቀን ግድም፣ እሳቸው እኔ ቤት መጡ። ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሱ ነበር። ልጆቼ ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴም ሥራ ላይ ነበር፤ እሱ መምህር ነው። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ ተቀመጡ።

«ሄጄ ነበር» አሉ።

«እንዴት ሆነ፣ እትዬ?»

«ሚዛኑ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ነው ያለው። ውጪ፣ ሰው ሁሉ በተሰለፈበት። ወጣሁበት። የምትመዝነው ልጅ ቁጥሩን እዚያ ወዲያ ላለችው ጸሐፊ በጩኸት ነገረቻት። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ የሰው ቅቤ ስመዝን እንኳ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።»

ብርጭቆውን በእጃቸው አዞሩት።

«ምን ቸገረኝ ብዬ ገባሁ። ያቺ የምትመረምረው ደግሞ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ናት። ‹አንቺ፣ ይሄ አልጋ አይችልሽም፤ ብትወጪም ስቡ አያሳየኝም፤ ትንሽ ቀንሰሽ ነይ› አለችኝ። አንቺ ነው ያለችኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ በጓሮ በር ወጣሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«መንገድ ላይ ግን አንቺን አሰብኩ። እሷም እንደ እኔ ናት፣ እሷ ግን ታይታለች አልኩ። እንዴት አድርገሽ ነው? እግርሽን ነው የሆነ ነገር ያደረግሽው? ትንፋሽሽን ነው የያዝሽው? ዘዴውን ንገሪኝና ተመልሼ ልሂድ።»

እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ውሸቴን አምነው፣ በውሸቴ ሄደው፣ ተዋርደው ከተመለሱ በኋላ እንኳ ጥፋቱን የጣሉት በራሳቸው ዘዴ ማጣት ላይ ነው። ሌላ ውሸት ለመጨመር አፌን ከፍቼ ነበር። አልወጣልኝም።

«እትዬ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ታይቼ አላውቅም።»

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡት።

«ለስንት ሰው ነው እንዲህ ያልሽው?»

«የጠየቀኝ ሰው የለም። የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ሌሎቹማ ቀጫጭን ናቸው፤ ምን ብለው ይጠይቁሽ?» አሉ።

ከዚያ የሥልጠናውን ቀን ነገርኳቸው። አልጋው መጮኹን፣ መርማሪዋ ያለችኝን፣ ሳቁን። ለባለቤቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ስናገር እንባዬ መጣ። እሳቸው አላባበሉኝም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁ። በኋላ፣

«አንቺን አምኜ ነበር የሄድኩት» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ቄሱ ‹ንስሐ ያለ ቀኖና አይሆንም› ይላሉ። ኃጢአቱን ተናግሮ ብቻ የሚቀመጥ የለም።»

«ቀኖናውን እርስዎ ይስጡኝ» አልኳቸው፤ ግማሹ ቀልድ ነበር።

እሳቸው ግን አልቀለዱም። «እሰጥሻለሁ። አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ አልጋው ላይ የምትወጪው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ አያለሁ። አንቺ በደህና ከወረድሽ እኔም እወጣለሁ።» ያን ጊዜ ነው ውኃውን የጠጡት።

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልነበረኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ሐሳቡ ሥራ አላስሠራ አለኝ። እሳቸውን ይዤ ሄጄ ሁለታችንም ሳንታይ ብንመለስስ? በመጨረሻ ቀድሜ ብቻዬን ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እናቶች ክፍል አዲስ የተመደበች አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ በወርሃዊ ስብሰባ ላይ አይቻታለሁ፣ ድምፅዋን ግን ብዙም አልሰማሁም። የመርጡለ ማርያም ልጅ ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር። የመጨረሻዋ ታካሚ እስክትወጣ በረንዳው ላይ ቆየሁና ገባሁ።

ቁጭ አላልኩም። በሩን ዘግቼ እንደቆምኩ ጀመርኩ፤ የቅቤ ነጋዴዋን፣ የሚዛኑን፣ «ቀንሰሽ ነይ» የሚለውን። ስለ እኔም ነገርኳት። ትከላከላለች፣ ባልደረባዋን ትደግፋለች ብዬ ነበር። ጓንቷን አውልቃ ወንበር ሰጠችኝ።

«ሲስተር፣ እኔም ብያለሁኮ» አለች።

«ምን ብለሻል?»

«‹ቀነስ ብለው ይምጡ።› ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ አንዲት እናት ነበሩ። መሣሪያውን ከከፈትኩ በኋላ ምንም አልታየኝ አለ፤ ደነገጥኩ። ትምህርት ቤት ስለ ወፍራም ሴት አመራመር የነገረን ሰው የለም። ማየት ያቃተኝ እኔ ሆኜ ሳለ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ ጣልኩት። አልተመለሱም። የት እንደደረሱም አላውቅም።»

በኋላ ከእሷ በፊት ብዙ ዘመን የሠሩ አንዲት አዋላጅ እንዴት እንደሚሆን እንዳሳዩዋት ነገረችኝ። ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ረዘም ያለ መክፈቻ መሣሪያ አወጣች። ከዚያ አዲስ ጓንት ወስዳ የአንዱን ጣት ጫፍ በመቀስ ቆረጠችና መሣሪያው ላይ አጠለቀችው፤ ጎንና ጎን ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚይዘው ይኸው ነው አለች። «ከዳሌያቸው ሥር ደግሞ ትራስ አደርጋለሁ። ይሄው ነው። ዘዴው የእኛ እንጂ የእናቶቹ አይደለም።»

ቅቤ ነጋዴዋ እኔን የጠየቁኝ ዘዴ ለካ እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ኖሯል።

«አልጋውስ?» አልኳት።

«ማዋለጃ ክፍል ዝቅ ያለ ሰፊ አልጋ አለ። ምጥ ላይ ያለች ሴት የቻለ እናንተን አይችልም?»

ልወጣ ስል ለእኔ ክንድ የሚበቃ የደም ግፊት መለኪያ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። የመድኃኒት ክፍሉን ሠራተኛ ጠይቃ ከካርቶን ሥር ትልቁን የክንድ መጠቅለያ አገኘችው። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ከመጣ ጀምሮ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የሄድነው ገበያ ባልሆነ ቀን፣ በጠዋት ነው። ብርድ ነበር። ቅቤ ነጋዴዋ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዳገቱን ቀስ እያልን፣ ቆም ብለን እያረፍን ወጣነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ልሄድ ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። አንዲት ጎረቤታቸው «በጠዋት ወዴት ነው?» አለቻቸው።

«ልንታይ» አሉ።

«ለማን?» ብላ ሳቀች ጎረቤትየዋ፤ አምረው ለመታየት የወጡ መስሏት ነበር።

«ማየት ለሚችል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ ትንፋሽ ቢያጥረኝም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

አዋላጇ በሩ ላይ ተቀበለችን። «እንደምን አደሩ፣ እናቴ» ብላ ለእትዬ ዝቅ አለች። ሚዛኑን ወደ ክፍሏ አስገብታው ነበር። አንድ በአንድ ወጣን፤ ቁጥሩን ራሷ አይታ ራሷ ጻፈችው፤ አላነበበችልንም፣ ፊቷም አልተለወጠ። ትልቁን መጠቅለያ በክንዴ ላይ ስትጠቀልለው ጎንና ጎኑ በደንብ ተያያዘ። አየር ሲሞላ ይከፈታል ብዬ ጠበቅኩ። አልተከፈተም። ግፊቴ ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆንም ለመድኃኒት የሚያበቃ እንዳልሆነ ነገረችኝ፤ በየሦስት ወሩ እንድለካ ቀጠረችኝ። ከዓመታት ፍርሃት በኋላ የተሰጠኝ መልስ ይኼ ብቻ ነበር።

ከዚያ አልጋው ላይ ወጣሁ። አልጮኸም። ቅቤ ነጋዴዋ በራስጌዬ ቆሙ። አዋላጇ አንሶላ ከወገቤ በታች አለበሰችኝ፣ ትራሱን አስገባች፣ መብራቱን አስተካከለች። እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት ትነግረኝ ነበር። «አሁን እጄ ነው። አሁን መሣሪያው ነው፤ ይቀዘቅዝ ይሆናል። ካመመዎት ‹በቃ› ይበሉኝ፣ አቆማለሁ።» የሚያስጨንቅ ነገር ነበረው፤ አመመኝ ግን አልልም። የኮምጣጤ ሽታ መጣ። «አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን» አለች።

ያቺን ደቂቃ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ተናግሬአታለሁ። ተኝቼ ስጠብቃት ግን ሌላ ነገር ሆነች። ጣሪያው ላይ ዝናብ ያስገባ ቡናማ ምልክት ነበር፤ እሱን አያለሁ። አዋላጇ መብራቱን ጠጋ አደረገች። ጎንበስ ብላ ደግማ አየች።

«ሲስተር፣ ነጭ ቦታ ይታየኛል» አለች። «ትንሽ ናት። ካንሰር አይደለችም። ብትተው ግን ከዓመታት በኋላ ወደዚያ ልትሄድ ትችላለች። ከፈቀዱልኝ ዛሬ፣ አሁን፣ በሙቀት አክማታለሁ።»

ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ። እንደ ዳዊት የምደግመው ነው። ግን ማንም ነግሮኝ የማያውቅ ይመስል «ምን አልሽ?» አልኳት። ሳትሰለች እንደገና ነገረችኝ። ልጆቼ በዓይኔ ላይ መጡ። «ስቀንስ» እያልኩ ያለፉት ዓመታት መጡ። ቅቤ ነጋዴዋ እጃቸውን እጄ ውስጥ አስገቡ። እጃቸው ለስላሳና ሙቅ ነበር።

«ዛሬ» አልኩ።

መሣሪያው ትንሽ ነው፤ ጫፉ ይግላል። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ነገር ተሰማኝ፤ ከዚያ አለቀ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ዳቦ ገዝቶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ አልፈጀም። አዋላጇ ምን እንደሚጠብቀኝ፣ ለአንድ ወር ከምን መጠንቀቅ እንዳለብኝ፣ ምን ካየሁ ወዲያው መመለስ እንዳለብኝ ነገረችኝ። ከዓመት በኋላ እንደገና እንደምታየኝ ካርዴ ላይ ጻፈች።

ቀስ ብዬ ወረድኩ። እኔ ነጭ ስለተገኘብኝ እትዬ ይፈራሉ፣ ይሄዳሉ ብዬ አሰብኩ። ነጠላቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና «እሷ ከወረደች ተራው የእኔ ነው» አሉ። አሁን በራስጌ የቆምኩት እኔ ሆንኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። አዋላጇ መጀመሪያ አልታይ ብሏት መሣሪያውን አውጥታ ትራሱን ከፍ አደረገችው፤ ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ሞከረች። ታያት። ጠበቅን።

«ንጹሕ ነው፣ እናቴ። ምንም የለም።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ይኼን ነው ዕድሜ ልኬን የፈራሁት?»

«ምርመራውን አልነበረም የፈሩት» አለች አዋላጇ ጓንቷን እያወለቀች። «እኛን ነው የፈሩት። እሱም የእርስዎ ጥፋት አይደለም።»

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለባለቤቴ ነገርኩት። ከሥልጠናው ቀን ጀምሬ ነው የነገርኩት። የተማሪዎቹን ደብተር እያረመ ነበር፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን እንደምትል አላወቅኩም።»

ደብተሩን ዘጋና «እኔም እንግዳ ፊት ቀልጄብሽ አውቃለሁ አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ታውቃለህ።»

አላስተባበለም። ይቅርታም ወዲያው አልመጣለትም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «በዚያ ነገር ይቅር በይኝ» ያለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውነቴ ሲቀልድ አልሰማሁም። የዚያን ወር ከምንጩም ከገበያውም ከባድ ከባዱን እሱ ተሸከመ።

ጤና ጣቢያው በአንድ ቀን አልተለወጠም። ሚዛኑን ከበሩ ለማንሣት ብቻ ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል። አንዱ «ቦታ የለም» ይላል፣ ሌላው «ማንም ቅር ብሎት አያውቅም» ይላል። ቅር ያለው ሰው በጓሮ በር ስለሚወጣ ነው የማታውቁት አልኩ፤ በስብሰባ ላይ ደፍሬ የተናገርኩት ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ ጥግ ላይ መጋረጃ ተሰቀለና ሚዛኑ ከኋላው ገባ። መጋረጃው የድሮ አንሶላ ነው፤ አንድ ጎኑ ያጥራል። ቢሆንም ይጋርዳል።

እትዬን የመለሰቻቸው መርማሪም ክፉ ሰው አልነበረችም። አንድ ቀን መንገድ ላይ አቁማኝ «አልጋው ተሰብሮ ይወድቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነው፤ አነጋገሬ ግን ልክ አልነበረም» አለችኝ። አዋላጇ ዘንድ ቆማ ስትማር ሰነበተች። ቅቤ ነጋዴዋ ቤት ድረስ ሄዳ ይቅርታ መጠየቋን የሰማሁት ከቄሱ ነው። እትዬ ምን እንዳሏት ቄሱም አልነገሩኝም።

እኔ በየግቢው የምናገረውን ለወጥኩ። ስለ ፈሳሹና ስለ ነጩ ቀለም ከመናገሬ በፊት «እኔ ለዓመታት ፈርቼ ሳልታይ ቆይቻለሁ» እላለሁ። ሴቶቹ ያን ጊዜ ቀና ይላሉ። አንዳንዷ ስለ ክብደቷ ታወራኛለች፣ አንዳንዷ ስለ ጠባሳዋ፣ አንዷ ስለ እግሯ ሽታ። ሰው የሚያፍርበት ነገር ብዙ ነው። ቅቤ ነጋዴዋ ደግሞ አማኑኤል ገበያ ላይ ለደንበኞቻቸው ይናገራሉ። አንድ ጠዋት ከእሳቸው ጋር አራት ሴቶች ከሚኒባስ ሲወርዱ አየሁ፤ ሁለቱ እንደ እኛ ደልደል ያሉ ናቸው። ከአራቱ አንዷ ከፍ ያለ ምርመራ ያስፈልጋታል ተብሎ ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ እትዬ አብረዋት ሄዱ፤ ታክማ ዛሬ በሥራዋ ላይ ናት። እንቢ ያሉኝም አሉ። አንዲት ጎረቤቴ እስከ ዛሬ «ትንሽ ልቀንስና» ትለኛለች። አልቆጣትም። በየወሩ ደጇን አንኳኳለሁ።

ክብደቴ ያው ነው። ዳገቱ ላይ አሁንም እቆማለሁ።

ዓመቱ ሲሞላ ለቀጠሮዬ ሄድኩ። እትዬ የእሳቸው ቀጠሮ ገና ቢሆንም «ብቻሽን አትሄጂም» ብለው መጡና በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አዋላጇ አየችኝ፤ ያቺን ደቂቃ ጠበቅን፤ እንደገና መብራቱን ጠጋ አደረገች፤ ከዚያ ፈገግ አለች። ለብሼ ስወጣ እትዬ ከአግዳሚው ሳይነሡ በዓይናቸው ጠየቁኝ።

«ንጹሕ ነው» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሣሁ። እሳቸው ግን ወደ ክፍሉ በር እያዩ ነበር።

«ስለ ጡትም የሚታይ ነገር አለ ብለሽኝ አልነበረም?»

«አለ፣ እትዬ። እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ እንዴት ራስዎ እንደሚያዩትም ታሳይዎታለች።»

«እንግዲያው ከመጣን አይቀር» አሉና በክንዴ ተደግፈው ተነሡ፤ በሩንም ራሳቸው አንኳኩ።